የፊልም ዳይሬክተር ሥዕሎች ሙዚየም ውስጥ ሲቀርቡ እንዴት እንደሚታዩ፣ ከቲኬት እስከ መውጫ

ዳይሬክተሩን በፊልሙ ታውቁታላችሁ፣ ከዛ የሆነ ሙዚየም የሱን ሥዕሎችና ንድፎች ሰብስቦ ኤግዚቢሽን ከፈተ ይባላል፣ ቲኬት ትቆርጣላችሁ፣ ትገባላችሁ፣ ከፊልሙ የመጣው ትልቁ አሻንጉሊት ወይ ልብስ ጋር ሰልፊ ትነሳላችሁ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ትናንሽ ወረቀቶች በዓይናችሁ ጎን እያያችሁ ታልፋላችሁ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የስጦታ ሱቁ ውስጥ ናችሁ። ብዙው ሰው እንደዛ ነው የሚያየው፣ አልፈርድም። እኔ ግን እንደዚህ ዓይነት ኤግዚቢሽን ላይ ዋናው ነገር እነዛ ትናንሽ ወረቀቶች ናቸው ባይ ነኝ። ፊልሙ ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው እጁን ያስገባል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሰውየው ብቻውን ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አካሄድ በሙሉ እነሱ ጋ ስትደርሱ ጉልበትና ሰዓት እንዲተርፋችሁ ተብሎ የተጻፈ ነው።

1. መጀመሪያ ምን ዓይነት ኤግዚቢሽን እንደሆነ እወቁ

የፊልም ሠሪ ኤግዚቢሽን ስለተባለ ሁሉም አንድ አይደለም፣ ይሄን ሳታጣሩ ከሄዳችሁ የጠበቃችሁት ሌላ ያገኛችሁት ሌላ ይሆናል።

አንዳንዱ የሚሥለው ለፊልሙ ብሎ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በልጅነቱ ሠዓሊ መሆን ነበር የሚፈልገው፣ በስተእርጅናው ደሞ ለፊልም ገንዘብ የሚሰጠው ሲጠፋ ቁጭ ብሎ ትዕይንቶቹን በቀለም ሣላቸው። በ1980 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «ካጌሙሻ» እና በ1985 የወጣው «ራን» ካሜራ ሳይነካቸው በፊት ወረቀት ላይ ነበሩ ማለት ነው። ህንዳዊው ሳትያጂት ራይም ፊልም ከመጀመሩ በፊት ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነበር የሚሠራው፣ በኋላም ፖስተሩን፣ አልባሳቱን፣ የፊደሉን ቅርጽ ሳይቀር ራሱ ነበር የሚነድፈው። ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፌሊኒ ደሞ በ1944 ሮም ከናዚዎች ነጻ ከወጣች በኋላ ለአሜሪካ ወታደሮች ካሪካቸር (መልክን አጋኖ የሚያሳይ የቀልድ ሥዕል) እየሣለ ነው እንጀራውን የበላው።

ሌላው ዓይነት ሥዕሉ ከፊልሙ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። ዴቪድ ሊንች ፊላደልፊያ ውስጥ የሥዕል ተማሪ ነበር፣ ወደ ፊልም የገባውም ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ ማየት ስለፈለገ ነው፣ ፊልም ከጀመረ በኋላም መሣሉን አልተወም። የሱን ሥዕሎች ልታዩ ገብታችሁ የፊልሞቹን ገጸ ባሕርያት ብትፈልጉ ትከፋላችሁ። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚም የተማረው ሥዕል ነው፣ የበረዶና የዛፍ ፎቶዎቹ ደሞ ፊልሞቹን አይቶ የማያውቅ ሰው ፊት ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ። አኜስ ቫርዳ ከፎቶ አንሺነት ተነስታ ዕድሜ ልኳን ፊልም ሠርታ በ2003 ቬኒስ ቢያናሌ (ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ትልቁ የጥበብ ትርኢት) ላይ ስለ ድንች የሆነ ኢንስታሌሽን (ተመልካቹ ገብቶ የሚያየው፣ ቦታውን ጭምር የሚጠቀም ሥራ) ይዛ ቀረበች፣ ያኔ 75 ዓመቷ ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት ላይ የሚታየው የሰውየው እጅ ሳይሆን የሥራ ቤቱ ነው። በ2004 ከፍራንክፈርት ተነስቶ ብዙ አገር የዞረው የስታንሊ ኩብሪክ ኤግዚቢሽን እንደዛ ነው፣ ሌንስ፣ አልባሳት፣ ደብዳቤ፣ የሥራ ማስታወሻ። ግሩም ነው ግን ሥዕል ፍለጋ ለሄደ ሰው አይደለም።

እንዴት ትለዩታላችሁ? የሙዚየሙ ዌብሳይት ላይ ፖስተሩን ተዉትና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «ንድፍ፣ ዋተርከለር (በውሃ የሚቀጥን ቀለም)፣ ኮላዥ (ተቆራርጦ የተለጠፈ ሥዕል)፣ የማስታወሻ ደብተር» የሚሉት ከበዙ ወረቀት ነው የሚጠብቃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ነው የምታዩት። «አልባሳት፣ ሞዴል፣ ፕሮፕ (ፊልሙ ላይ ተዋናዮቹ የያዙት ዕቃ)» ከበዛ ቆማችሁ ከመዞር ውጪ ብዙ ጊዜ አይወስድም። «ኢንስታሌሽን» ወይ «ቪዲዮ» ካለ ደሞ ሰዓት ጨምሩበት፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

2. ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ፊልም እዩ፣ በቃ

ሙሉ ሥራውን አንድ በአንድ ጨርሼ ነው የምሄደው የሚል ሰው አለ፣ ደክሞት ነው የሚደርሰው። ሁለት ይበቃል፣ አንዱ ከመጀመሪያዎቹ (አጭር ፊልም ካለው እሱ ይሻላል)፣ ሌላው ኤግዚቢሽኑ ላይ ንድፎቹ ብዙ ቦታ የያዙለት። ሁለተኛውን ስታዩ አንድ ትዕይንት ምረጡና ደጋግማችሁ እዩት፣ ካሜራው የት ነው የቆመው፣ ሰውየው በየት በኩል ነው የሚገባው፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው ያለው። ሙዚየሙ ውስጥ የዛን ትዕይንት ንድፍ ካገኛችሁ ምን እንደተቀየረ ወዲያው ይታያችኋል፣ ሳታዩት ከሄዳችሁ ግን ንድፉ ንድፍ ብቻ ነው።

3. ቲኬት፣ ሰዓት፣ ቦርሳ

ታዋቂ ፊልም ሠሪ ማለት የሥዕል ኤግዚቢሽን አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚመጣበት ነው። ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ከኖቬምበር 2009 እስከ ኤፕሪል 2010 የቲም በርተንን ሲያሳይ ከ700 በላይ ሥራ ነበር የሰቀለው፣ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ነው የገባው፣ በሙዚየሙ ታሪክ በብዛት ከታዩት አንዱ ነው። ሚታካ፣ ጃፓን ውስጥ በ2001 የተከፈተው የአኒሜሽን ስቱዲዮው የጂብሊ ሙዚየም ደሞ በር ላይ ቲኬት አይሸጥም፣ ቀንና ሰዓት መርጣችሁ አስቀድማችሁ ካልገዛችሁ አትገቡም። ስለዚህ ኦንላይን ግዙ፣ ሰዓት የሚያስመርጥ ከሆነ በሥራ ቀን ጠዋት እንደተከፈተ ያለውን ወይ ከመዘጋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ያለውን ያዙ። ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት በፊት ያለው ርካሽም ቢሆን ይቅርባችሁ፣ ጠባቂዎቹ ከኋላ እየገፏችሁ ነው የምትጨርሱት።

ቀኑንም አታዘግዩ። የወረቀት ሥራ ብርሃን ላይ ብዙ አይቆይም፣ ጥቂት ወር ይታይና ወደ ጨለማ መጋዘን ይመለሳል፣ ረዘም ያለ ኤግዚቢሽን ከሆነም መሃል ላይ አንዳንዱን አውርደው በሌላ ይተኩታል። «ይራዘማል» ብሎ መጠበቅ ዘይት ቀለም ላይ ይሠራ ይሆናል፣ እርሳስና ዋተርከለር ላይ እምብዛም ነው።

የጀርባ ቦርሳ ይዛችሁ ከሆነ ወይ ዕቃ ማስቀመጫ ትሰጣላችሁ ወይ በደረት በኩል ታንጠለጥሉታላችሁ፣ አትከራከሩ፣ ዘወር ስትሉ ቦርሳው ፍሬም እንዳይመታ ነው። እስክሪብቶ ብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ እርሳስ ይፈቀዳል፣ እርሳስና ትንሽ ደብተር ያዙ። ኢርፎን ያዙ (የድምፅ መመሪያው ብዙ ጊዜ በሞባይል ነው አሁን)። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች የማንበቢያውን እንዳትረሱ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው።

4. ስትገቡ ወዲያው ማየት አትጀምሩ

ወረቀት የሚሰቀልበት ክፍል ጨለም ያለ ነው። ሰው ገብቶ «ኧረ መብራት አብሩ» ይላል፣ ግን ሆን ተብሎ ነው፣ ቀለምና ወረቀት በብርሃን ይጠፋል፣ የጠፋው ደሞ አይመለስም። ስለዚህ ለወረቀት የተለመደው መጠን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) አካባቢ ነው፣ ቢሮ ውስጥ ከ300 እስከ 500 እንደሚሆን አስቡት። ከውጭ ፀሐይ ቀጥታ ገብታችሁ ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ ምንም አይታያችሁም፣ እሺ፣ እዛው መግቢያው ላይ ያለውን ረጅሙን የግድግዳ ጽሑፍ ያኔ አንብቡት፣ ዓይናችሁ እስኪለምድ። ሞባይላችሁን በየመሃሉ ካያችሁት ዓይናችሁ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ከዛ አንዴ ሳትቆሙ እስከ መጨረሻው ሂዱና ተመለሱ፣ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስንት ክፍል እንዳለ፣ ወረቀቶቹ የት እንደተከማቹ፣ ስክሪን የት እንዳለ፣ መቀመጫ የት እንዳለ ታያላችሁ። መጀመሪያው ክፍል ላይ ሁሉም ሰው ተደርድሮ ፍሬም በፍሬም ነው የሚሄደው፣ እዛ ሰልፍ ውስጥ ከገባችሁ ሦስተኛው ክፍል ስትደርሱ እግራችሁ አልቋል። መሃል ላይ ካለው ባዶ ክፍል ጀምሩ፣ የመጀመሪያውን በኋላ ተመለሱበት፣ ማንም አይከለክላችሁም። አንዳንድ ቦታ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚፈቀድ በር ላይ ጠይቁ።

5. ስቶሪቦርድ ጋ ቁሙ

እዚህ ላይ ነው ጊዜ የሚጠፋው፣ ይጥፋ። ስቶሪቦርድ ማለት ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት እያንዳንዱ ቀረጻ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተሣለበት ወረቀት ነው፣ እና እንዴት እንደሚነበብ ካላወቃችሁ እንደ ኮሚክ ነው የምታዩት።

መጀመሪያ የሳጥኑን ቅርጽ እዩ። ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ነው ወይስ በጣም ሰፊ? ስፋቱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ከሆነ ሰውየው ገና ሲያስበው ለሰፊ ስክሪን ነው ያሰበው፣ እና ባዶ ቦታውን ምን እንዳደረገበት ተመልከቱ፣ ሰውን ጥግ ላይ አስቀምጦ ቀሪውን በሰማይ ሞልቶት ይሆናል።

ቀጥሎ ቀስቶቹ። አንዳንዱ ቀስት ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚያሳየው፣ አንዳንዱ (ብዙ ጊዜ ወፈር ብሎ የሳጥኑን ጠርዝ የሚነካው) ካሜራው ወዴት እንደሚሄድ ነው። ሳጥን ውስጥ ሌላ ትንሽ ሳጥን ካያችሁ ካሜራው ከትልቁ ተነስቶ ወደ ትንሹ ይጠጋል ማለት ነው። ሳጥኑ ከሌሎቹ ተለይቶ ረዘም ካለ ካሜራው ከዚህ ጫፍ እስከዛ ጫፍ ይዞራል። የጃፓን አኒሜሽን ስቶሪቦርድ ከሆነ ሳጥኖቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርዱት፣ ጎናቸው ላይ ንግግሩና ቀረጻው ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ የሚጻፍበት ዓምድ አለ። ያቺን የሴኮንድ ዓምድ አትዝለሏት። አንድ ልጅ መስኮት ላይ ቆሞ ምንም የማያደርግበት ሳጥን ጎን ከሌሎቹ የበለጠ ሴኮንድ ተጽፎ ስታዩ ፊልሙ ላይ የተሰማችሁ ዝምታ በድንገት የመጣ እንዳልሆነ ይገባችኋል፣ በቁጥር የተሰፈረ ነው።

ቁጥሮቹንም እዩ። 41፣ 42፣ ከዛ 42ሀ፣ 42ለ የመሰለ ነገር ካለ መሃሉ ላይ የገባው በኋላ ታስቦ ነው። የተሰረዘ ቁጥር ካለ ደሞ ትዕይንት ተቆርጧል። ከዛ ጎንበስ በሉና ወረቀቱን ከጎን እዩት፣ ፊት ለፊት ያልታያችሁ ነገር ይታያችኋል፣ እርሳሱ ተጭኖ የሰረጎደበት፣ በላጲስ ጠፍቶ ጥላው የቀረ ፊት፣ የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ጠርዝ። የተለጠፈ ቁራጭ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፣ ከሥሩ የመጀመሪያው ሐሳብ አለ ማለት ነው። ግን ርቀት ጠብቁ፣ ወለሉ ላይ መስመር ካለ አትለፉት፣ አላርሙ ሲጮህ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ነው የሚያያችሁ።

እና ደሞ ይሄ የማን እጅ ነው? ብዙ ሰው ዳይሬክተሩ የሣለው ይመስለዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን የስቶሪቦርድ ሠዓሊ ወይ የፕሮዳክሽን ዲዛይነር (የፊልሙን መቼትና ገጽታ የሚነድፍ ሰው) ሥራ ነው። በ1960 የወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» ውስጥ ያለው የሻወር ትዕይንት ስቶሪቦርድ የግራፊክ ዲዛይነሩ የሶል ባስ ነው፣ ሂችኮክ ራሱ መሣል የማይችል ሰው ሆኖ አይደለም፣ ፊልም ሥራ የጀመረውም በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ስክሪን ላይ የሚወጡትን ጽሑፎች እየነደፈ ነው። ስለዚህ «የእገሌ ንድፍ» ከማለታችሁ በፊት ከጎኑ ያለችውን ትንሽ መግለጫ እዩ።

6. መግለጫዋን ከሥዕሉ በኋላ አንብቡ

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ሥዕሉ፣ ከዛ መግለጫው፣ ከዛ ተመልሶ ሥዕሉ። መግለጫውን ቀድሞ ያነበበ ሰው የተነገረውን ነው የሚፈልገው።

መግለጫው ላይ ሁለት ነገር ይበቃችኋል። አንዱ ዓመተ ምሕረቱ ነው፣ ንድፉ የተሣለበትን ፊልሙ ከወጣበት ጋር አስተያዩት። አንድ ዓመት ልዩነት ካለው ሥራ ላይ እያለ የተሣለ ነው፣ ስድስት ሰባት ዓመት ካለው ምናልባት ሰውየው ገንዘብ ሲጠብቅ የሣለው ነው፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የተሣለ ከሆነ ደሞ ናፍቆት ነው ወይ ለሽያጭ ነው፣ ሁለቱም አሉ። ሌላው ከምን እንደተሠራ ነው። ይሄን ዝም ብለው የሚያልፉት ቢሮክራሲ ይመስላል ግን አንዳንዴ ታሪኩ በሙሉ እዛ ነው። ዳይሬክተሩ ሰርጌይ ፓራጃኖቭ በ1970ዎቹ የሶቪየት እስር ቤት ውስጥ ሳለ ካሜራ የለ ቀለም የለ፣ ያገኘውን ነበር ወደ ሥራ የሚቀይረው፣ የወተት ጠርሙስ የሚዘጋበትን ስስ የብረት ክዳን እየጫነ እየቦረቦረ እንደ ሜዳሊያ ያለ የሰው ፊት ይሠራበት ነበር። የአርመን ዋና ከተማ ዬሬቫን ያለው በ1991 የተከፈተው ሙዚየሙ ውስጥ ኮላዦቹና አሻንጉሊቶቹም አሉ። ክብ ነገር ብልጭ ሲል አይታችሁ ያለፋችሁት ሰዎች መግለጫውን ስታነቡ ነው የምትመለሱት።

ልኬትም ይጻፋል፣ አብዛኛው ሙዚየም ቁመቱን ነው የሚያስቀድመው። ይሄ የሚጠቅማችሁ በኋላ ካታሎግ ላይ ስታዩት መጠኑን ለማስታወስ ነው።

7. ስክሪንና ጨለማ ክፍል

ግድግዳ ላይ የፊልም ቁራጭ የሚያሳይ ስክሪን ካለ፣ ዓይን ወደሚንቀሳቀስ ነገር ይሄዳል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ጀርባችሁን ስጡት። ፊልሙን ቤት ማየት ትችላላችሁ፣ ወረቀቱን አትችሉም።

ለሙዚየም ተብሎ የተሠራ ቪዲዮ ወይ ኢንስታሌሽን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በር ላይ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይጻፋል፣ እየዞረ ስለሚደጋገም መሃል ላይ ነው የምትገቡት፣ ጠባቂውን «መቼ ይጀምራል?» ብላችሁ ጠይቁና እስከዛ ሌላ ነገር አይታችሁ ተመለሱ። ጠባቂዎች ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ ቀኑን ሙሉ እዛ ናቸው፣ የትኛው ጥግ ላይ ሰው እንደማይቆምና የትኛው ሥራ እንደተዘለለ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

8. ፎቶ

ክልክል ከሆነ ክልክል ነው። የጂብሊ ሙዚየም ውስጥ ለምሳሌ ጭራሽ አይፈቀድም። በተፈቀደበትም ፍላሽ የለም፣ የተሰረዘ የካሜራ ምልክት ያለበት ሥራ ደሞ ባለቤቱ ሌላ ስለሆነ (ስቱዲዮ፣ ቤተሰብ፣ ሌላ ሙዚየም) ይታለፋል። መስታወት ላይ የራሳችሁ ፊት ነው የሚወጣው፣ ጥቁር ልብስ ከለበሳችሁና ትንሽ ወደ ጎን ካላችሁ ይቀንሳል። የእኔ ምክር፣ ሥዕሉን ሳይሆን መግለጫውን አንሱ፣ በኋላ ስም ለመፈለግ ይጠቅማል፣ ሥዕሉን በእርሳስ ሞክሩት። መሣል አልችልም አትበሉ፣ ለማንም አታሳዩትም፣ እጃችሁ መስመሩን ሲከተል ግን ዓይናችሁ ሁለት ደቂቃ በግድ እዛው ይቆያል።

9. ያልተሠሩት ፊልሞች

ይሄ ብዙ ጊዜ መጨረሻ አካባቢ ነው የሚቀመጠው፣ ሰው ደክሞት ነው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ቀድማችሁ ድረሱበት እላለሁ። ፌሊኒ «የጂ. ማስቶርና ጉዞ» የሚለውን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያስበው ኖሮ ሳይቀርጸው ነው የሞተው። የተሠራ ፊልም ንድፍ ስታዩ ጭንቅላታችሁ ተዋናዩን ያመጣዋል፣ ያልተሠራውን ስታዩ ግን ከወረቀቱ ውጪ የምትይዙት ነገር የለም። ፌሊኒ ከ1960 አካባቢ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ሕልሙን ሲነቃ ይሥል እንደነበረ ደሞ አትርሱ፣ የሥነ ልቦና ሐኪሙ ነው ያስጀመረው። እንደዚህ ዓይነት ደብተር መስታወት ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ የሚታየው የተገለጠው አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ አጠገቡ ገጾቹን በታብሌት የሚያገላብጥ ነገር መኖሩን ፈልጉ፣ ብዙ ቦታ አለ፣ ማንም አይነካውም።

ከገባችሁ ሁለት ሰዓት አካባቢ ሲሞላ ዓይናችሁ ይዘጋል፣ ያኔ ተቀመጡ ወይ ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ተመልሶ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ ሰዓት ያለው ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የአንድ ሰዓት ዕቅድ ያዙና አሻንጉሊቶቹን ቀድማችሁ አሳዩዋቸው፣ ወረቀቱን ሌላ ቀን ብቻችሁን ትመጡበታላችሁ።

10. ከወጣችሁ በኋላ

ካታሎግ ውድ ነው፣ ሳታገላብጡ አትግዙ። ሱቁ ውስጥ ለማየት የተከፈተ ኮፒ አለ፣ አሁን ቆማችሁ ያያችሁትን አንድ የቀለም ሥዕል ፈልጉና ገጹን እዩት። ቀይው ቀይ ነው? እርሳሱ ግራጫ ነው ወይስ ጥቁር ሆኗል? ስቶሪቦርዱ ማስታወሻው እስኪነበብ ሰፍቶ ታትሟል ወይስ እንደ ቴምብር አንሷል? ካነሰ ተዉት፣ ሁለት ፖስትካርድ ይሻላል። ከገዛችሁ ደሞ ቤት ገብታችሁ ያን የመረጣችሁትን ትዕይንት ክፈቱና ገጹን ጎኑ አድርጋችሁ ቀረጻ በቀረጻ እያቆማችሁ እዩት፣ የጎደለውን ሳጥን ቁጥሩን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።